ከጉዳት ሲመለሱ ውድድርን እንደ ልምምድ መሮጥ፦ መቼ ይጠቅማል? መቼ ያሳምማል?

ኅዳር በተቃረበ ቁጥር በሯጮች መካከል አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ከወራት በፊት ተገዝቷል። በመሃል ባት ተሸማቋል፣ ወይም የተረከዝ ጅማት አብጧል፣ ወይም ጉልበት አልታጠፍ ብሏል። አሁን ሕመሙ ሻል ብሏል፤ ጨርሶ ግን አልለቀቀም። ሯጩም “እንደ ልምምድ አድርጌ ቀስ ብዬ ብሮጠውስ?” ይላል።

የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ አይገናኙም። አንዱ ወገን “ሰውነት በውድድር ነው የሚመለሰው፤ ብቻን ጫካ ውስጥ እየተንገላወዱ አቋም አይገኝም” ይላል። ሌላው “ሕመም ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቁጥር ደረት ላይ አይለጠፍም” ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለቱም “ጉዳት” የሚለውን አንድ ቃል ለተለያዩ ነገሮች ስለሚጠቀሙበት ነው። የባት መሸማቀቅና የቅልጥም አጥንት መሰንጠቅ አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጣቸው አይችልም። ከዚህ በተጨማሪ፣ ውድድር ልምምድ የሚሆነው የሚወሰደው ጫና መጠን ከመነሻው በፊት ተወስኖ ሲያድር ብቻ ነው። መነሻው ላይ ቆሞ “እንደተሰማኝ አያለሁ” ማለት ልምምድ አይደለም፣ ውድድር ነው።

ትንፋሽ ይቀድማል፣ ጅማትና አጥንት ይዘገያሉ

ልምምድ ሲቋረጥ በመጀመሪያ የሚታወቀው የትንፋሽ መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሠለጠኑ ስፖርተኞች ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ (ቪኦቱ ማክስ የሚባለው መለኪያ) በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእረፍት ሳምንታት 7 በመቶ ገደማ፣ በስምንት ሳምንት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ ሯጩን ያስደነግጠዋል። ሆኖም ቶሎ የሚመለሰውም ይኸው አቅም ነው፤ በብስክሌትና በዋና ደግሞ በእረፍቱ ጊዜም ቢሆን አብዛኛውን ማቆየት ይቻላል።

ጅማት እንዲህ አይደለም። የደም ዝውውሩ አነስተኛ ስለሆነ የሚጠገነው በሳምንታት ሳይሆን በወራት ነው። አጥንት ደግሞ የራሱ አካሄድ አለው። ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል እየበላ ያስወግዳል፣ ከዚያ በአዲስ ይተካዋል፤ ዑደቱ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። አሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ሳይጠነክር ባሉት ሳምንታት አጥንቱ ከበፊቱ ይልቅ ደካማ ነው።

እንግዲህ አደገኛው ጊዜ ሯጩ የታመመበት ሳይሆን የተሻለው የመሰለበት ነው። ከተመለሰ ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላ ትንፋሹ “ሂድ” ይለዋል፤ እግሩ ግን ለዚያ ፍጥነት ገና አልደረሰም። ውድድር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ውድድሩ ከልምምዱ ምኑ ይለያል?

አሥር ኪሎ ሜትር ያው አሥር ኪሎ ሜትር ነው የሚል ካለ የእርምጃ ቁጥሩን ይመልከት። በደቂቃ 170 ጊዜ የሚረግጥ ሯጭ በ60 ደቂቃ 10,200 ጊዜ መሬት ይመታል፤ ለአንድ እግር 5,100 ማለት ነው። በ45 ደቂቃ የሚጨርስ፣ በደቂቃ 180 ጊዜ የሚረግጥ ሯጭ 8,100 ጊዜ ይረግጣል፤ ለአንድ እግር 4,050። ፈጣኑ የሚረግጠው ያነሰ ነው፤ እያንዳንዱ እርግጫ ግን ይከብዳል። ጫና ሲባል እነዚህ ሁለቱ፣ ማለትም ብዛቱና ክብደቱ፣ አንድ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ልምምድ ላይ የሌሉ ነገሮች ይጨመራሉ። የውድድር ስሜት ሕመምን ያደነዝዛል፤ በጫካ ሩጫ ላይ በሦስተኛው ኪሎ ሜትር የሚሰማ መቆጥቆጥ በውድድር ላይ በስምንተኛው ሊሰማ ይችላል። ሳምንቱን በጫካና በኮሮኮንች የሠራ እግር በአንድ ቀን ሙሉ ርቀቱን በአስፋልት ይሮጣል። ብዙ ሰው ባለበት ውድድር የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ሰው እየሸሹ ወደ ጎን መዝለል፣ ድንገት መቆም፣ እንደገና መነሣት ነው፤ ይህ በተለይ ለቁርጭምጭሚትና ለብሽሽት ጥሩ አይደለም። በመጨረሻም የማጠናቀቂያው መስመር ሲታይ የሚመጣው ሩጫ አለ። ማንም ሰው በልምምድ ላይ በደከመ እግር የመጨረሻዎቹን 300 ሜትር አይፈተለክም፤ በውድድር ግን ሁሉም ያደርገዋል።

በደንብ የማይታሰብበት ሌላም አለ፦ የቀኑ አጠቃላይ ድካም። መንገድ ስለሚዘጋ ሯጩ ከታክሲ ወርዶ ሠላሳ ደቂቃ ይሄዳል፤ በኅዳር ብርድ መነሻው ላይ ረጅም ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲጨርስ እንደገና በእግሩ ይመለሳል። የውድድሩ ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ቢሆንም የእግሩ ሥራ 15 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

የ2025ቱ ጥናት ምን ቀየረ?

ለረጅም ዘመን ሯጮች የሚመሩበት ደንብ “ሳምንታዊ ርቀትህን ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር” የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ከ5,000 በላይ ሯጮችን በሰዓታቸው መረጃ የተከታተለ ጥናት ግን ሌላ ነገር ላይ አተኮረ። ከሳምንቱ ድምር ይልቅ ከጉዳት ጋር የተያያዘው የአንድ ቀኑ ሩጫ ነው። አንድ ሩጫ ባለፉት 30 ቀናት ከተሮጠው ረጅሙ ሩጫ ከ10 እስከ 30 በመቶ ሲበልጥ በሩጫ ብዛት የሚመጣ ጉዳት ዕድል በ64 በመቶ ከፍ ብሏል። እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

ጥናቱ በተመልካችነት የተሠራ ስለሆነ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ከጉዳት የሚመለሱትን ብቻ ለይቶም አልተመለከተም። ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ቀላል ስሌት ይሰጣል። ለ10 ኪሎ ሜትር ውድድር፣ ከዚያ በፊት ባሉት 30 ቀናት ቢያንስ አንድ ጊዜ 9.1 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ችግር ተሮጦ መሆን አለበት። ለ5 ኪሎ ሜትር 4.6 ገደማ ይበቃል። ለግማሽ ማራቶን ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠይቃል፤ ከጉዳት የሚመለስ ሰው ደግሞ እዚያ የደረሰ ከሆነ መመለሱ ያበቃለት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግማሽ ማራቶን ለማገገሚያ የሚሆን ርቀት አይደለም። ማሟሟቂያው ያው ቀን ውስጥ እንደሚቆጠርም መርሳት አይገባም፤ 2 ኪሎ ሜትር አሟሙቆ 10 የሚሮጥ ሰው የሮጠው 12 ነው።

የጉዳቱ ዓይነት መልሱን ይቀይረዋል

ትልቁ ስሕተት ለሁሉም ጉዳት “ቀስ ብለህ ሩጥ” ማለት ነው። ቀስ ማለት ለአንዳንዱ መድኃኒት ነው፤ ለአንዳንዱ አይደለም።

የተረከዝ ጅማት (አኪለስ) እና ባት የሚፈሩት ፍጥነትንና ዳገትን ነው። በሩጫ ላይ ይህ ጅማት የሚሸከመው ኃይል ከሰውነት ክብደት ስድስት እጥፍ ሊደርስና ሊበልጥም ይችላል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ጅማት 360 ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር፣ ወይም በጣት ወደ ላይ እየተገፉ ዳገት ሲወጣ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። እንዲህ ላለው ሯጭ ሜዳማ መንገድ ላይ በዝግታ የሚሮጥ ውድድር የሚቻል ነገር ነው። መጠነኛ ሕመምም ለዚህ ጅማት የተፈቀደ ነው፤ ከ0 እስከ 10 በሚለካ የሕመም መለኪያ፣ በሩጫው ጊዜ እስከ 5 ቢደርስ እንኳ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልምምዱ እንደሚቀጥል የታወቀው የማገገሚያ አሠራር ይፈቅዳል። ለውድድር ግን ይህን ገደብ ወደ 3 ማውረድ ይሻላል፤ የውድድር ስሜት ሕመሙን ስለሚያሳንሰው ሯጩ 3 ያለው በእርግጥ 5 ሊሆን ይችላል።

የጉልበት ሕመም፣ በተለይ በሎሚው ሥርና ዙሪያ የሚሰማው፣ በተቃራኒው ነው። ጉልበት የሚቆጥረው የእርግጫ ብዛትን ነው። አንድን ርቀት በጣም እያዘገሙ መሮጥ እርግጫውን ስለሚያበዛ ጉልበቱ በድምሩ የሚሸከመው ጫና ሊጨምር ይችላል። ቁልቁለትም ይጎዳዋል። ለዚህ ሯጭ መፍትሔው ርቀቱን ማሳጠር ነው፦ ከ10 ኪሎ ሜትር ይልቅ 5 ኪሎ ሜትር፣ በለመደው ፍጥነት፣ እርምጃውን ጥቂት አጠር አድርጎ። ቁልቁለቱን በእግር ቢወርደው ማንም አይወቅሰውም።

የቋንጃ ጡንቻ (ሃምስትሪንግ) ሲቀደድ ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ጡንቻ የሚፈተነው ወደ ሙሉ ፍጥነት ሲቀረብ ነው። ለእሱ አሥሩ ኪሎ ሜትር ሳይሆን የመጨረሻዎቹ 200 ሜትር ናቸው አደጋው። የጡንቻ መቀደድ ተመልሶ የሚከሰተውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስፖርቱ በተመለሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

በድግግሞሽ ጫና የሚመጣ የአጥንት መሰንጠቅ (ስትረስ ፍራክቸር) ላይ ድርድር የለም። እዚህ የሚፈቀደው ሕመም 0 ነው። በጣት ሲጫኑት በአንድ ነጥብ ላይ የሚያም ቅልጥም ወይም የእግር መዳፍ፣ ማታ ተኝተው የሚሰማ ሕመም፣ በአንድ እግር ሲዘለል ብሽሽት ውስጥ የሚወጋ ነገር ካለ ቀስ ብሎ መሮጥም ክልክል ነው። የጭን አጥንት አንገት፣ በእግር መዳፍ መሃል ያለችው ናቪኩላር የምትባል አጥንት፣ የቅልጥም የፊት ጠርዝ በቀላሉ የማይድኑ ቦታዎች ናቸው፤ የጭን አጥንት አንገት ጨርሶ ከተሰበረ ወደ ቀዶ ሕክምና ያመራል። ተራ ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል “ራጁ ንጹሕ ነው” ማለት “አጥንቱ ደህና ነው” ማለት አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ኤምአርአይ ነው የሚለየው።

“በውድድር ነው የምመለሰው” የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ?

ይህ ሐሳብ ከባዶ የመጣ አይደለም። ጥሩነሽ ዲባባ በጉዳት ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ከውድድር ርቃ ከቆየች በኋላ የተመለሰችው በጎዳና ላይ ውድድር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2011 ማድሪድ ላይ የዓመቱን ማብቂያ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈች። ከሰባት ወር በኋላ በለንደን ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅዋን ደገመች። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ሰባቱ ወር ነው። ማድሪድ መድረሻ አልነበረም፤ ዋናው ግብ ሩቅ ነበር።

ቀነኒሳ በቀለ ከባት ጉዳት በኋላ ለወራት ሳይወዳደር ቆይቶ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2011 ዴጉ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር ተሰለፈ፤ መሃል ላይ አቋረጠ። ከ19 ቀን በኋላ ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26:43.16 ጨረሰ፤ የዚያ ዓመት ፈጣኑ ሰዓት ነበር። ማቋረጥ ብዙዎች እንደሚያስቡት የመመለሱ መጨረሻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በተረከዝ ጅማት ሕመም ምክንያት የዱባይን ማራቶን አቋርጦ፣ በሚያዝያ 2016 ለንደን ላይ ሦስተኛ፣ በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ በ2:03:03 አንደኛ የወጣውም እሱ ነው። ከለንደን በርሊን አምስት ወር ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ የተረከዝ ጅማት ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2001 በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በጥቅምት ብሪስቶል ላይ የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ።

ከእነዚህ ታሪኮች “ውድድር ያድናል” ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በተመሳሳይ መንገድ ሞክረው ሳይመለሱ የቀሩትን ማንም አይጽፋቸውም። ሐኪም፣ ፊዚዮና ማሳጅ በየቀኑ ያለው አትሌትና ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚሮጥ የቢሮ ሠራተኛም አንድ አይደሉም።

የክለብ አትሌቶች ጉዳይ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በክለብ ደመወዝ የሚተዳደር አትሌት ለረጅም ጊዜ ካልተሰለፈ ውሉ እንዳይቋረጥ ይሰጋል፤ ማናጀር የሚፈልግ ወጣት በአገር ውስጥ ውድድር ካልታየ የውጭ ዕድል አያገኝም። ለእነዚህ “እንደ ልምምድ ሩጠው” የሚለው ምክር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ መነሻው ላይ አጠገቡ የቆሙት ቦታውን የሚፈልጉ ናቸውና። አሰልጣኙ ከሯጩ ጋር ሆኖ የፍጥነቱን ገደብ አስቀድሞ ለክለቡ ካላሳወቀ፣ ውጤቱ ወይ አዲስ ጉዳት ወይ የወረደ ሰዓት ይሆናል፤ ሁለቱም ይጎዱታል። የትርፍ ጊዜ ሯጭ ግን ቀስ ብሎ የመሮጥ ነፃነት አለው። ስለዚህ ውድድርን እንደ ልምምድ መጠቀም ከማንም በላይ የሚቻለው ለእሱ ነው።

የትኛው ውድድር?

ከእኛ አገር የጎዳና ውድድሮች ለመመለሻ የሚመቸው አጭሩ ነው። በመጋቢት ወር አካባቢ የሚካሄደው “ቅድሚያ ለሴቶች” 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሴት ሯጭ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ውድድር አይገኝም።

ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚሳተፍበት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ተሳታፊዎች የተጀመረው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ሁለት ገጽታ አለው። ሕዝቡ ራሱ ፍጥነት ይከለክላል፤ ከኋላ የተነሣ ሰው ቢፈልግም አይፈተለክም፣ ይህ ጥሩ ነው። በሌላ በኩል መጋፋቱ፣ መሬት ላይ የተጣለው የውኃ ላስቲክና የከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት አሉ። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎ የነበረ ሯጭ ቢቀርበት ይሻላል። የተረከዝ ጅማቱ የሚያመው ዳገቱን በእግር ይውጣ።

ከፍታን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ የሚነገር ነገር አለ። ሱሉልታ (ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ) የሚለማመድ ሰው 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሐዋሳ ወርዶ ሲወዳደር ትንፋሹ ይቀልለዋል። በዚያው ድካም በኪሎ ሜትር ብዙ ሰከንዶች ይፈጥናል። ለጤነኛ ሯጭ ደስታ ነው፤ ከጉዳት ለሚመለስ ግን እግሩ ለወራት ያላየው ፍጥነት ነው። ትንፋሹ የነበረው ልጓም ይወልቃል። ለውድድር ወደ አውሮፓ የሚሄዱትም የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ የሚሮጥ ሰው ግን በተቃራኒው ነው፤ 2,300 ሜትር ላይ ትንፋሹ ከእግሩ ቀድሞ ስለሚያልቅ ጅማቱ በተወሰነ ደረጃ ይጠበቃል።

አሥር ሳምንት እንዴት ይሞላል?

በጤናው ጊዜ 10 ኪሎ ሜትርን በ45 ደቂቃ የሚሮጥ፣ በተረከዝ ጅማት ሕመም ስምንት ሳምንት ያረፈ ሯጭ እንውሰድ። ለውድድሩ አሥር ሳምንት ቀርቶታል።

ሩጫ ከመጀመሩ በፊት 45 ደቂቃ በፈጣን እርምጃ ያለ ሕመም መሄድ አለበት። በአንድ እግር ቆሞ ተረከዙን ከመሬት እያነሣ ቢያንስ 20 ጊዜ፣ በታመመውም በጤነኛውም እኩል በሚባል ደረጃ መሥራት ይኖርበታል። ይህን ያላሟላ ሰው ቀኑን መቁጠር አይጀምርም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በጫካ ወይም በሣር ላይ፣ አንድ ቀን እያለፈ፣ መሮጥና መሄድን ያፈራርቃል፦ 1 ደቂቃ ሩጫ 1 ደቂቃ እርምጃ አሥር ጊዜ ብሎ ይጀምርና በሦስተኛው ሳምንት 5 ደቂቃ ሩጫ 1 ደቂቃ እርምጃ አምስት ጊዜ ላይ ይደርሳል። በአራተኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሮጣል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ወደ 40 ደቂቃ ከፍ ይላል፤ በዚህ ጊዜ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች በአስፋልት ያደርጋል። አስፋልቱን በውድድሩ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት የለበትም። በሰባተኛውና በስምንተኛው ረጅሙ ሩጫ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይሆናል፣ ግማሹ በአስፋልት፤ በሳምንት አንድ ቀን በሣር ላይ 20 ሰከንድ የሚፈጅ ለስላሳ ፍጥነት ስድስት ጊዜ ይጨመራል። በዘጠነኛው ሳምንት ረጅሙ ሩጫ 9.5 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርሳል። በአሥረኛው ሁሉም በሲሶ ይቀነስና ውድድሩ በረጅሙ ሩጫ ቦታ ይገባል። ተጨምሮ ሳይሆን ተተክቶ ነው።

የባት ማጠንከሪያው በሳምንት ሦስት ቀን አይቋረጥም፤ ጉልበት ተዘርግቶም ታጥፎም፣ በየተራው 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ በኋላ በቦርሳ ክብደት ተጨምሮበት። ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት ብቻ ይቆማል።

አንድ ሳምንት ካልተሳካ ይደገማል። ሁለት ጊዜ ከተደገመ ውድድሩ ቀርቷል፤ ቲሸርቱ ለሌላ ቀን ልብስ ይሁን።

የውድድሩ ቀን

ይህ ሯጭ በጤናው በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይሮጥ ነበር። ዛሬ የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በ5:50 አካባቢ ይሮጣል፤ መለኪያው አጠገቡ ላለ ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር መቻሉ ነው። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር፣ ሕመሙ ከ2 ካልበለጠ ብቻ፣ ወደ 5:20 ያሳድጋል። ከዚያ የመጨረሻዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች ተመልሶ ወደ 5:50 ይወርዳል። ይህ ከተለመደው የተገለበጠ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው። እግሩ በደከመበት፣ ሕዝቡ በሚያጨበጭብበት ቦታ ላይ ፍጥነትን ማስገባት ሥራው ሁሉ የሚበላሽበት ነውና። የልብ ምት መለኪያን በዚህ ቀን ብዙ ማመን አያስፈልግም፤ ግርግሩ ብቻውን ከፍ ያደርገዋል።

መነሻው ላይ ቆሞ ሲጠበቅ በየጥቂት ደቂቃው ተረከዝን ማንሣትና ባሉበት መራመድ ጅማቱን ከመቀዝቀዝ ያድነዋል። ጫማው ልምምድ የተሠራበት ይሁን፤ በውድድሩ ቀን አዲስ የካርቦን ሶል ጫማ ማድረግ እግሩ የሚረግጥበትን መንገድ ስለሚቀይር የተጎዳውን ቦታ ባልለመደው ሁኔታ ይጭነዋል።

መውጫውም አስቀድሞ ይታወቃል። መንገዱ ለቤት ወይም ለታክሲ የሚቀርብባቸው ሁለት ቦታዎች ይመረጣሉ፤ ስልክና የታክሲ ገንዘብ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሕመሙ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ እየጨመረ ከ3 ካለፈ፣ አረጋገጡ ከተቀየረ ወይም ማነከስ ከጀመረ፣ አጥንት ላይ የሚወጋ ሕመም ድንገት ከመጣ እዚያው ይቆማል። “እስከሚቀጥለው የውኃ ቦታ ልድረስ” አይባልም።

ማስታገሻ፣ መርፌ፣ ወጌሻ

ከውድድር በፊት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ በሯጮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ፋርማሲም በቀላሉ ይገኛል። ከላይ የተዘረዘሩት ደንቦች በሙሉ የተመሠረቱት ሕመም በትክክል በመሰማቱ ላይ ነው። ክኒኑ ያንን ያጠፋዋል። በተጨማሪም ሰውነት ውኃ ባጣበት ሰዓት ኩላሊት ላይ ጫና ያሳድራል፣ ጨጓራንም ይጎዳል። ውድድሩን ያለ ክኒን መሮጥ የማይችል ሰው ውድድሩን መሮጥ አይችልም።

የኮርቲዞን ዓይነት መርፌ ሕመምን ለሳምንታት ሊያጠፋ ይችላል፤ በጅማት ላይ ሲሰጥ ግን የመበጠስ ሥጋት ስላለው በተለይ በተረከዝ ጅማት ላይ ሐኪሞች ይሸሹታል። ለተመዘገቡ አትሌቶች ሌላም ጣጣ አለው፦ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በዓለም የፀረ-ዶፒንግ ደንብ የእነዚህ መድኃኒቶች መርፌ በማንኛውም መንገድ ቢሰጥ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣትም እንደ ዓይነቱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይፈጃል። የመድኃኒቱን ስም ሳይጽፉ መርፌ መወጋት ለአትሌት አደገኛ ነው።

ወጌሻ ለጠነከረ ባትና ለጭን ጡንቻ እፎይታ ይሰጣል። አጥንት ላይ ጥርጣሬ ካለ ግን አጥብቆ ማሸት አይረዳም፤ ሯጩ የተሻለው መስሎት ወደ ሩጫ እንዲመለስ ከማድረግ በቀር። እብጠቱ ትኩስ የሆነ የጡንቻ መቀደድም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይታሽም።

ጾምና የሚጠገን አካል

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ የመጋቢት ውድድር ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ በቅርብ ዓመታት ረመዳንም በዚያው ወቅት አካባቢ ሲውል ቆይቷል። ጾም ከሩጫ ጋር አይጣላም፤ የአገራችን ሯጮች ለዘመናት አብረው አስኬደውታል። ችግሩ የሚመጣው በመጠገን ላይ ያለ አጥንት ወይም ጅማት ካለ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 600 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። በባዶ ሆድ ሮጦ እስከ ከሰዓት ካልበላ፣ ያ ጉድለት ለሰዓታት ሳይሸፈን ይቆያል፤ ይህ ሲደጋገም ሰውነት ከሚቆጥባቸው ነገሮች አንዱ አጥንት መሥራት ነው። ወር አበባዋ ለሦስት ወር የቀረባት ሯጭ ይህ ምልክት ነውና ከውድድር በፊት ሐኪም ማየት አለባት።

የሚሻለው በጾም ወራት ሩጫውን መብያው ሰዓት አጠገብ ማድረግ፣ ካልሆነም የፍጥነት ልምምዱን መቀነስ ነው። የጾም ምግብ በራሱ ደካማ አይደለም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥና ኑግ አሉ፤ መጠኑ ግን ለሚያገግም ሰው መጨመር አለበት። ጠዋት የሚካሄድ ውድድርን ሮጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የሚፈልግ ሰው የዚያን ቀን ከልምምድ ፍጥነት በታች ይሩጥ።

ቀጣዮቹ 48 ሰዓታት

የውድድሩ ውጤት የሚነበበው በሰዓቱ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ሲወረድ የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች እንዴት ናቸው? ተረከዝ አሥር ጊዜ ሲነሣ ከትናንት በስቲያ ይልቅ ያማል? ጅማት ዘግይቶ ስለሚናገር ይኸው ፈተና በሁለተኛውም ቀን ይደገማል። ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልምምዱ ይቀጥላል፤ ለሦስት ቀን ግን ፍጥነት አይነካም። ከ24 ሰዓት ካለፈ በአሥር ሳምንቱ እቅድ ላይ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ይመለሳል። አጥንት ላይ ከሆነ ወይም ማታ ካመመ ሩጫው ይቆምና ወደ ምርመራ ይኬዳል።

ሁለተኛው ውድድር ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይርቃል፤ በዚህኛውም ላይ ርቀትና ፍጥነት አብረው አይጨመሩም። የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር በ5:50 ከተሮጠ፣ ሁለተኛው ያው 10 ኪሎ ሜትር በ5:20 ሊሆን ይችላል። ወይም ፍጥነቱ እንደነበረ ሆኖ 11 ኪሎ ሜትር።